ደንበኛዋ የማን ናት?

ጎተራ ማሳለጫን አልፎ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚገባ ሰው ከሕንፃዎቹ ግራውንድ ላይ መድኃኒት ቤት፣ ሱቅ፣ ካፌ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ እንደገና የሴቶች ፀጉር ቤት ያያል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ሞዴል የውጭ አገር ሰው ናት። ከወንበሩ ጀርባ የቆመችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገር መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የምትኖር ወጣት ናት። በመሃል አዲስ አበባ፣ ከጎተራ እስከ ካዛንቺስ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ዲግሪ ሳይጠየቅ በር ከሚከፍቱላት ጥቂት ሥራዎች አንዱ የውበት ሥራ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጣጣው የሚጀምረው በሩን ካለፈች በኋላ ነው።

ሥራው ማዕረግ አለው። ከታች ፀጉር አጣቢዋ አለች፤ ታጥባለች፣ ፎጣ ታሰጣለች፣ ወለል ትጠርጋለች፣ ደንበኛ ሲበዛ ቡናም ታፈላለች። ስሟን የሚጠይቃት የለም፤ «እናቴ፣ ውሃው በረደኝ» ትባላለች፣ አለቀ። ከእሷ ከፍ ብላ ሹሩባ ሠሪዋ ትመጣለች፤ ሰዓታት ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጣቶቿ ጫፍ የምትሠራ። ጥፍር ሠሪዋ አንዲት ጠረጴዛና አንዲት መብራት ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ከሁሉ በላይ ያለችው ፔስትራ፣ ቀለምና የሙሽራ ሥራ የምትይዘው ፀጉር ሠሪ ናት። ደንበኛ ደውላ «እሷ አለች?» ብላ የምትጠይቀው ስለዚህችኛዋ ነው።

አከፋፈሉም እንደ ማዕረጉ ነው። አጣቢዋ ቁርጥ የወር ደመወዝ አላት፤ ትንሽ ናት፣ ቲፕ ይደጉማታል። ፀጉር ሠሪዋና ጥፍር ሠሪዋ ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በፐርሰንት ነው። እንበል አንዲት ደንበኛ 500 ብር ከፈለች፤ የሠራተኛዋ ፐርሰንት ሠላሳ ነው። በስሌቱ 150 ብር ሊደርሳት ይገባል። አንዳንዱ ቤት ግን መጀመሪያ የሻምፑና የቅባት ወጪውን ያነሳና ከተረፈው ላይ ያካፍላታል። ሌላው ቤት ለአጣቢዋ የሚሰጠውን ከእሷ ድርሻ ላይ ይቆርጣል። የተሰበረው ካስክ፣ የጠፋው ማበጠሪያ፣ «አላማረኝም» ብላ ሳትከፍል የወጣችው ደንበኛ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያችው ድርሻ ላይ ነው።

ሒሳቡ የሚሰፍረው በፀጉር ቤቱ ባለቤት ደብተር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደብተሩን አይቃወምም፤ እንዲያውም ግዴታ አድርጎታል። ነገር ግን ጠቅላላ ክፍያው፣ የስሌቱ መንገድና ተቀናሹ ተዘርዝሮ ሠራተኛዋ እንድትፈርምበት ይጠይቃል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የራሷ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ምንም እንዳይቀነስባት፣ የሚቀነሰውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ወስኗል። በፀጉር ቤት ደብተር ላይ የሠራተኛ ፊርማ ማግኘት ግን ብርቅ ነው።

ፐርሰንት በመጀመሪያ እይታ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ የሠራ ብዙ ይወስዳል። አንዳንዷ ጎበዝ ፀጉር ሠሪ ቁርጥ ደመወዝ ቢሰጧት እሺ አትልም፤ ልክ ናት። የዓውደ ዓመት ሰሞን የምታገኘውን ቁርጥ ደመወዝ አይሰጣትም። የአሠራሩ መልክ የሚታየው በደህናው ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው። መብራት ሲጠፋ ፐርሰንቷ ዜሮ ነው። ክረምቱ ሲከብድና ደንበኛ ሲቀር፣ ሠርግ በማይደገስበት በዐቢይ ጾም፣ ሲያማት፣ ስትወልድ፣ ያው ዜሮ ነው። ኪሳራውን ከባለቤቷ እኩል ትካፈላለች። የሥራ መግቢያ ሰዓት ሲወሰን፣ ዋጋ ሲቆረጥ፣ «ዛሬ እረፍት የለም» ሲባል ግን የሚጠይቃት የለም። የንግዱን ሥጋት ወርሳ ሥልጣኑን ያልወረሰች ሸሪክ ናት።

የጥያቄው እምብርትም እዚህ ላይ ነው። በውበት ሥራ ውስጥ ጉልበት የሚመነጨው ከወንበሩም ከካስኩም አይደለም፤ ከደንበኛዋ ነው። ደንበኛዋ የምትከተለው የሠራተኛዋን እጅ ከሆነ ሠራተኛዋ ትደራደራለች፤ ፐርሰንቷ ይጨመራል፣ ስትቀር ትለመናለች። ደንበኛዋ የምትከተለው የቤቱን ስም ከሆነ ግን ሠራተኛዋ በማንኛውም ቀን በሌላ ትተካለች። ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከደንበኛ ጋር ስልክ መለዋወጥን የሚከለክሉት፣ ቤት ለቤት የሠራችን ልጅ «ደንበኛ ሰረቀች» ብለው የሚያባርሩት ለዚህ ነው። ቲክቶክ ደግሞ ሚዛኑን ወደ እነሱ አጋድሎታል፤ ቪዲዮው ላይ የሚታዩት እጆች የሠራተኛዋ ናቸው፣ ገጹና ተከታዩ የቤቱ ነው።

ሕጉ ለዚህ ክርክር ምን አለው? የሥራ ውል አለ የሚባለው አንድ ሰው በሌላው አመራር ሥር፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ አልያም ለተወሰነ ሥራ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው። በራሱ ኃላፊነት የራሱን ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ደግሞ ከአዋጁ ውጭ ነው። ሰዓቷ በባለቤቷ የሚወሰን፣ ዋጋዋን ራሷ የማትቆርጥ፣ ደንበኛ እንኳ በራሷ መያዝ የተከለከለች ፀጉር ሠሪ ተቋራጭ ናት ማለት ድፍረት ነው። ሆኖም ሲካሰሱ የመጀመሪያው መከራከሪያ ይኸው ነው፤ «እሷ ሠራተኛዬ አይደለችም፣ በፐርሰንት ነው የምንሠራው» ይባላል። ሁለተኛው ቀዳዳ ረቀቅ ያለ ነው። አዋጁ ኮሚሽንንና ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም ያወጣል። ፐርሰንቱ ኮሚሽን ተብሎ ከታየ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ የሚሰላው ከእሱ ውጭ ባለው ነው፤ ከእሱ ውጭ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ፐርሰንቱ በሠራችው ልክ የሚከፈል ደመወዟ ራሱ ነው የሚለው ንባብ የበለጠ ያስኬዳል። ይህን ግን ችሎት ቆሞ የሚከራከርላት ሰው ያስፈልጋታል።

በዚህ ረገድ የጎተራዋ ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ አምራቹ የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ፊት ስትሆን አገር ኮርቷል። እሷ በወጣችበት የሞዴሊንግ ዓለም ግን አብዛኞቹ ሞዴሎች በሕግ ፊት የራሳቸው ተቀጣሪ ናቸው እየተባለ ኤጀንሲዎች በክፍያቸው ላይ እንደፈለጉ ሲያዙ ኖረዋል። የኒውዮርክ ግዛት ለዚህ ሕግ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ሥራ ላይ ሲውል የኤጀንሲውን ኮሚሽን በሃያ ፐርሰንት ገድቧል። የፋሽኑ መድረክና የጎተራው ወንበር በዋጋ አይገናኙም፤ በሒሳቡ ዘዴ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

ተለማማጆቹ ራሳቸውን የቻሉ ምዕራፍ ናቸው። ሥራው በእጅ የሚለመድ ነውና «መጀመሪያ ትለማመጂያለሽ» ይባላል። ተለማማጅዋ ወራት ሙሉ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ዕቃ ታቀብላለች፤ አንዳንዱ ቤት የትራንስፖርት ይሰጣል፣ አንዳንዱ ምሳ፣ አንዳንዱ ምንም። ሥልጠና ተብሎ ከእሷው ገንዘብ የሚቀበልም አለ። የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉ ይናገራል፤ ለተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በሙከራ ጊዜም ቢሆን ደመወዝ አለ። ዕድሜዋ 15 ያልሞላ ልጅ ጭራሽ መቀጠር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒውዮርክ ታይምስ በከተማዋ የጥፍር ቤቶች ላይ ያወጣው ምርመራ ያስደነገጠው በዚሁ በተለማማጆች ጉዳይ ነበር። ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሴቶች ሥራ ለመጀመር 100 ዶላር ያህል ለባለቤቱ ከፍለው፣ ባለቤቱ «በቃሽ» እስኪል ድረስ ያለደመወዝ ይሠሩ እንደነበር ጋዜጣው ዘገበ። አገረ ገዢው ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ አወጀ፤ ቤቶቹ የደመወዝ ዋስትና እንዲያስይዙ፣ የሠራተኛ መብት ዝርዝር ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ጓንትና የአየር ማስወገጃ እንዲኖር ታዘዘ። ዘገባው ተቃውሞም ገጥሞታል፤ የጋዜጣው የራሱ የአንባብያን ተወካይ ሳትቀር አንዳንዱ ድምዳሜ ከማስረጃው በላይ ሰፍቷል ብላ ጽፋለች። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የንግድ ፈቃድ ይሰቀላል፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ይሰቀላል፤ የሠራተኛዋን መብት የሚናገር ወረቀት አይሰቀልም።

የሠርግ ወር ሲደርስ ደግሞ ሰዓት የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል። በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ፣ ሙሽራና ሚዜዎቿ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፀጉር ቤት ይደርሳሉ፤ ፎቶ ግራፍ አንሺው ቀድሞ ቆሟል፣ ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሽ ደርድራለች። ፀጉር ሠሪዋ እዚያ ለመገኘት ታክሲ በሌለበት ሰዓት ከቤቷ መውጣት አለባት፤ አለበለዚያ ማታውኑ ቤቱ ውስጥ ሶፋ ላይ ታድራለች። ሙሽራዋን ሸኝታ ደግሞ የመደበኛው ቀን ሥራዋ ይጀምራል። አዋጁ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይገድባል። ትርፍ ሰዓት በቀን 4፣ በሳምንት 12 ነው ጣሪያው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ክፍያ ላይ 1.75 ይባዛል፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5። በፐርሰንት ለምትሠራዋ ይህ ሁሉ አይነሳም። የሙሽራ ሥራ ዋጋው ከፍ ስለሚል ፐርሰንቷም ከፍ ይላል፣ ያ ራሱ በቂ ነው ተብሎ ይታለፋል። የቋሚ ደመወዝተኛዋ አጣቢ ሌሊትማ በሙሽራዋ ቤተሰብ ቸርነት ላይ ነው የሚወድቀው።

ባለቤቶቹን በጅምላ ክፉ ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን እውነቱን አያሳይም። ብዙዎቹ ትናንት አጣቢ የነበሩ፣ ዕቁብ ጥለው ሁለት ካስክና ሦስት ወንበር የገዙ ሴቶች ናቸው። የቤት ኪራይ ከላይ ይጫናቸዋል። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የሚጠብቀው የመኖሪያ ቤት ተከራይን ነው፤ የሱቅ ተከራይ አከራዩ ጨምሪ ሲል ትጨምራለች፣ ወይ ትለቃለች። በጥቅምት 2015 መንግሥት ሽቶና መዋቢያን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ የቀለሙና የቅባቱ ዋጋ ናረ። እገዳው በሐምሌ 2016 ሲነሳ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ዋጋው በሌላ በኩል መጣ። ደንበኛዋ ደግሞ የምትጨምረው ልክ አላት። ይህ ሁሉ ተደምሮ በመጨረሻ ሊጨመቅ የሚችል አንድ ወጪ ብቻ ይቀራል፤ እሱም የሠራተኛዋ ነው። የባለቤቷን ጭንቀት መረዳት ተገቢ ነው። ጭንቀቷ ሁልጊዜ ከእሷ ወደሚያንሰው ብቻ መውረዱ ግን ዕጣ ፈንታ ሳይሆን የጉልበት ሚዛን ነው።

ካዛንቺስ ይህን በጉልህ አሳይታለች። በ2017 መጀመሪያ ወራት ነባሩ ሰፈር ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ሥራ ሲፈርስ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ፀጉር ቤት እንደ ፋብሪካ ተነቅሎ የሚተከል ሥራ አይደለም፤ ያለ ጎረቤቱ ዋጋ የለውም። ምትክና ካሳ ሲታሰብ የሚቆጠረው ባለይዞታው፣ ተከራዩ፣ ባለፈቃዱ ነው። በአፍ ውል የምትሠራ ጥፍር ሠሪ በየትኛውም መዝገብ የለችም። ሕጉ ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ለሠራተኛው የስንብት ክፍያ ይገባዋል ይላል። ውል በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የሥራ ዝርዝር እንዲሰጣት ያዛል። ወረቀቱ በእጇ ስለሌለ ግን የቀራት ደንበኞቿ በስልኳ ላይ መኖራቸው ነው፤ ያውም ስልክ መለዋወጥ ካልተከለከለ።

ስለ ጤና ብዙ አይወራም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀጉር ሠሪነትን ሙያ ራሱን ለካንሰር የማጋለጥ ዕድሉ ከፍተኛ ነው ከሚላቸው ሥራዎች፣ ከምድብ 2ኤ ውስጥ አስገብቶታል። ኬራቲን እየተባለ የሚቀባው የፀጉር ማለስለሻ አንዳንዱ በትኩስ ፔስትራ ሲጫን ፎርማልዲሃይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ካንሰር አምጪነቱ በተረጋገጠው በምድብ 1 ነው። ደንበኛዋ በዓመት ሁለቴ ትተነፍሰዋለች። ሠራተኛዋ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ። የጥፍር ዱቄቱ፣ የአሴቶኑ ሽታ፣ የእጅ ቆዳ መሰነጣጠቁ፣ የእግር ደም ሥር ማበጡ ሙያተኞቹ «ያለ ነው» የሚሉት ነገር ሆኗል። መዋቢያን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ትኩረቱ ዕቃው ለተጠቃሚዋ ጎጂ መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። የሠራተኛዋ ሳንባ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። አሠሪ ያለክፍያ መከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛዋ በሥራ ላይ ብትጎዳም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው።

ማሳጅና ሞሮኮ ባዝ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው። በር ተዘግቶ ከደንበኛ ጋር ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። አዋጁ ጾታዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል፤ የሚጠራቸው ግን አሠሪውን፣ የሥራ መሪውንና ሠራተኛውን ነው። ደንበኛ ሲተነኩስ ባለቤቷ ከማን ጋር ትቆማለች የሚለውን የሚወስነው እንግዲህ ገቢው ነው። አዘውትሮ የሚመጣና ደህና የሚከፍል ሰው ከአንዲት ልጅ አቤቱታ ይልቅ ይከብዳል። ቤተሰቧም ሰፈሩም ማሳጅ ቤት መሥራቷን ራሱን ስለሚያፍሩበት፣ ልጅቷ አቤት የምትልበት ቦታ ይጠባል።

ወንበሩ ላይ የሚቀጠለው ፀጉርም የራሱ ታሪክ አለው። «ብራዚሊያን»፣ «ፔሩቪያን» የሚሉት የገበያ ስሞች ናቸው፤ የዓለም የሂውማን ሄርና የዊግ ኢንዱስትሪ ማዕከል በቻይና ሄናን ግዛት ያለችው ሹቻንግ ከተማ ናት። በደቡብ ሕንድ ቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስእለት የሚላጩት ፀጉር በጨረታ ይሸጣል፤ ፀጉሯን የሰጠችው ሴት ሳንቲም አትቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጉምሩክ በኒውዮርክ ወደብ 13 ቶን የፀጉር ውጤት ያዘ፤ ዋጋው ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን፣ የመጣው በቻይናዋ ሺንጂያንግ በግዳጅ ሥራ ከተጠረጠረ ፋብሪካ ነበር። ለዓይን ጥላና ለሊፕስቲክ ብልጭታ የሚሰጠው ማይካ በሕንድ ጃርካንድና ቢሃር ሕፃናት ጭምር ይቆፍሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ቁጥራቸውን እስከ 22 ሺህ ገምቶታል። በሰንሰለቱ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ብራንዱ ያለው መሃል ላይ ነው።

ይህ ሲባል የውበት ሥራ በተፈጥሮው መበዝበዣ ነው ማለት አይደለም። ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደችው አሜሪካዊቷ ማዳም ሲ ጄ ዎከር በፀጉር ቅባት ንግድ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሴቶችን ከነጮች ቤት ልብስ አጣቢነት አውጥታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ፊላደልፊያ ላይ ወኪሎቿን ጉባኤ ጠርታለች። ልዩነቱ ወኪሎቹ የራሳቸው ደንበኛ የነበራቸው መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ለግሉ ዘርፍ የለም። አዋጁ በየጊዜው ዝቅተኛውን የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ወለሉ ግን አልተቀመጠም። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ዝቅተኛውን ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር አድርሷል፤ የፀጉር አጣቢዋ ደመወዝ ከምን እንዲጀምር ግን ማንም አልተናገረም። ወለል ባለመኖሩ ምን እንደሚሆን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀድሞ አሳይቷል፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። እነዚያ ቢያንስ በሺዎች ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ፀጉር ቤት ሦስትና አምስት ሆኖ የተበተነ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ተቆጣጣሪ በየበሩ አይደርስም።

የተረሳ አንድ በር ግን አለ። የሠራተኛ ማኅበር በአንድ ድርጅት ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ከ10 በታች የሚቀጥሩ ድርጅቶች ሠራተኞች ግን ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት እንደሚችሉ አዋጁ ይፈቅዳል። አባላቱ 10 ከሞሉ ይበቃል። ጎተራ ላይ በአንድ ብሎክ ግራውንድ ዙሪያ ይህ ቁጥር ይሞላል። አብረው ዕቁብ የሚጥሉ ሴቶች አብረው ማኅበር መጻፍ አያቅታቸውም፤ የሚያስፈራቸው ስማቸው በየፀጉር ቤቱ «አስቸጋሪ» ተብሎ መዞሩ ነው።

ጉዳዩን ወደ ክስ ለምትወስደው ደግሞ ሰዓት እየሮጠ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረች ወደ ሥራ ልመለስ የምትለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። ማስረጃው ነው ሲያስቸግር የኖረው። በ2013 የተጀመረው ቴሌብር ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር ለውጧል። የቀኑ ፐርሰንት በስልክ ሲላክ ቀኑ፣ ሰዓቱና የላኪዋ ስም በመልእክት ይቀራል፤ ደብተሩ በባለቤቷ እጅ ቢሆንም እንኳ ሠራተኛዋ የራሷ መዝገብ ኖሯታል። አንዳንድ ባለቤቶች ፐርሰንቱን እንደገና በጥሬው መክፈል ጀምረዋል ቢባል የሚገርም አይሆንም።